ምድሩ በለመለመበት ደሴት ሕፃናትን ዳፍንት የሚይዛቸው ለምንድን ነው? የፖንፔይ ሙዝና የሩዝ ጆንያ

የእንሰት ጥላ (ውይይቱን የከፈቱት)

ውድ የመድረኩ አባላት፣

ለተማሪዎቼ ስለ ቫይታሚን ኤ እጥረት ትምህርት ሳዘጋጅ በየዓመቱ የምመለስበት አንድ ደሴት አለ። ፖንፔይ ይባላል። በምዕራብ ፓስፊክ የምትገኘው ማይክሮኔዥያ ያፕ፣ ቹክ፣ ፖንፔይና ኮስራይ የተባሉ አራት ግዛቶች ያሏት ፌዴሬሽን ስትሆን፣ ዋና ከተማዋ ፓሊኪርም የምትገኘው በዚሁ ደሴት ላይ ነው። ፖንፔይ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ፣ ተራራው ከደመና የማይለይ፣ በምድራችን ላይ እጅግ ብዙ ዝናብ ከሚጥልባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ቦዬው እጅግ ከመግዘፉ የተነሣ ብዙ ሰዎች በአጣና ተሸክመው ወደ ድግስ ያመጡታል። ጎደሬው፣ የዳቦ ፍሬው፣ ኮኮናቱና ሙዙ በየጓሮው አለ፤ ባሕሩም ዓሣ አይነፍግም።

እንዲህ ባለ ምድር ላይ በ1990ዎቹና በ2000 አካባቢ (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተደረጉ የደም ምርመራዎች ዕድሜያቸው ለትምህርት ካልደረሰ ሕፃናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የቫይታሚን ኤ እጥረት እንዳለባቸው አሳዩ። በ2002 የተደረገው ጥናት ደግሞ ከ25 እስከ 64 ዓመት ዕድሜ ላይ ካሉት የደሴቲቱ ነዋሪዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ የስኳር በሽታ እንዳለበት አረጋገጠ። ስለዚህ በአንድ ጣራ ሥር አያት የስኳር በሽታ ባመጣው የእግር ቁስል ተኝታ፣ የልጅ ልጇ ደግሞ የቫይታሚን ኤ እጥረት ባመጣው ዳፍንት ሲመሽ ደጁን እየዳበሰ ሊገኝ ይችላል። ሁለቱም ከአንድ ድስት የበሉ ናቸው።

ድስቱ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ነጭ ሩዝ ነው። ደሴቲቱን ከ1914 እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ ያስተዳደሩት ጃፓኖች ሩዝን አስለመዱ። ከ1947 ጀምሮ ግዛቱን በአደራ የያዘችው አሜሪካ ደግሞ ከ1960ዎቹ ወዲህ ትርፍ የእርሻ ምርቷን በእርዳታና በትምህርት ቤት ምገባ መልክ አስገባች። ልጆች በምሳ ሰዓት ሩዝና የታሸገ ሥጋ እየበሉ አደጉ፤ ሲያድጉም ለልጆቻቸው ያንኑ ገዙ። ለጡት ልጆች ይሰጥ የነበረው የአገሩ ሙዝ ከምግብነት ወደ ትዝታነት ተሸጋገረ።

ያ ሙዝ ካራት ይባላል። ዘለላው ወደ ምድር አይንጠለጠልም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ያድጋል። ውስጡ ብርቱካናማ ነው። የበላው ሰው ሽንቱ ደማቅ ቢጫ ይሆናል፤ ይህም ፍሬው በያዘው ሪቦፍላቪን በተባለ ቫይታሚን ምክንያት የሚመጣ እንጂ ሕመም አይደለም።

ሎይስ ኤንግልበርገር የተባሉት አሜሪካዊት የሥርዓተ ምግብ ባለሙያ በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ፖንፔይ ሲሄዱ ይዘው የሄዱት ምክር እኛም በየጤና ጣቢያው የምንሰጠው ዓይነት ነበር፤ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ብሉ የሚል። ሕዝቡ አልተቀበለውም፤ በእነርሱ ዘንድ ቅጠል የአሳማ ምግብ ነውና። እኔን ከሁሉ በላይ የሚመስጠኝ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። ሕዝቡን እንቢተኛ ብለው አልፈረጁም፤ ይልቁንም ሕዝቡ ራሱ የሚወደው ምግብ ውስጥ የሚፈለገው ነገር ይኖር እንደሆነ መጠየቅ ጀመሩ። እናቶች ካራትን ነገሯቸው። ናሙናው ወደ ላቦራቶሪ ተላከ፤ በውስጡ የተገኘው፣ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቤታ ካሮቲን በዓለም ገበያ ከሚሸጠው ነጭ ሙዝ በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘ።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው፤ በምግብ ሠንጠረዦቻችን ላይ «ሙዝ»፣ «ስኳር ድንች»፣ «ማንጎ» እያልን በጅምላ ስንጽፍ የዝርያውን ልዩነት ሰርዘን፣ በእጃችን ያለውን መድኃኒት ራሳችን እየደበቅነው ይሆን?

ነርስ ከወሎ

ጤና ይስጥልኝ መምህር። ጽሑፍዎን በጥሞና አነበብሁት። እኔ ሥራዬ ከሕፃናት ጋር ነው። ከ6 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን 100,000፣ ከዚያ በላይ እስከ አምስት ዓመት ላለው ደግሞ 200,000 ዓለም አቀፍ አሃድ የሆነውን የቫይታሚን ኤ እንክብል በየስድስት ወሩ በአፉ ጨምቄ የምሰጥ ነኝና «በብዙ እጥፍ» የሚለው አገላለጽ አያረካኝም። ቁጥሩን ይንገሩን። ደግሞም በላቦራቶሪ ፍሬ ውስጥ የተገኘ ነገር ሁሉ ሕፃኑ አካል ውስጥ እንደማይደርስ እርስዎ ያውቃሉ።

የእንሰት ጥላ

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ እህቴ ልበልዎ።

በገበያ የተለመደው ነጭ ሙዝ በ100 ግራም ውስጥ 25 ማይክሮግራም ገደማ ቤታ ካሮቲን አለው እንበል። ካራት እስከ 2,000 ገደማ ይደርሳል። ኡቲን ያፕ የተባለው ሌላው የፖንፔይ ሙዝ ደግሞ ከ8,000 በላይ ተለክቶበታል። ሰውነታችን ከምግብ ከሚያገኘው 12 ማይክሮግራም ቤታ ካሮቲን አንድ ማይክሮግራም ቫይታሚን ኤ እንደሚሠራ ተደርጎ ይሰላል። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ላለ ሕፃን በቀን 300 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኤ ያስፈልገዋል ብንል፣ ያ ማለት 3,600 ማይክሮግራም ቤታ ካሮቲን ነው። ይህን ከነጭ ሙዝ ለማግኘት ሕፃኑ በየቀኑ ከ14 ኪሎ በላይ መብላት ይኖርበታል። ከካራት ግን 180 ግራም ይበቃዋል፤ ከኡቲን ያፕ ደግሞ 45 ግራም፣ ማለትም ሁለት ሦስት ጉርሻ።

ስለ መዋሐዱ ያነሡት እውነት ነው፤ ቤታ ካሮቲን ያለ ስብ በደንብ አይዋሐድም። ፖንፔዮች ሙዝን ከኮኮናት ወተት ጋር ማብሰላቸው በዚህ ረገድ ጠቃሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሆኖም ሕፃኑ የሆድ ትላትል ካለበት ወይም ኩፍኝ ይዞት ከሆነ ስሌቱ ይበላሻል፤ ስለዚህ ሙዙ እንክብሉን ይተካል ብዬ አልከራከርም። እንክብሉ በስድስት ወር አንድ ጊዜ የሚመጣ እንግዳ ነው፤ ሙዙ ግን ጓሮ ውስጥ የሚኖር ነው።

ቀጥተኛው

ሁላችሁም አክብሮቴ ይድረሳችሁ። እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ሙዙ በጓሮ አለ፣ ዓሣው በባሕር አለ፣ ሰዎቹ ግን ሩዝና የታሸገ ሥጋ ይገዛሉ። ታዲያ ይህ የምርጫ ጉዳይ እንጂ የሕዝብ ጤና ጉዳይ ነው ወይ? በተጨማሪም የፓስፊክ ሰዎች በዘራቸው ለውፍረት የተፈጠሩ ናቸው ሲባል አንብቤአለሁ። ዘር ከሆነ ደግሞ ሙዝ ምን ይፈይዳል?

የእንሰት ጥላ

ወንድሜ፣ ሁለቱን ጥያቄዎች ለየብቻ ልመልስ።

ዘርን በተመለከተ የሚጠቅሱት ሐሳብ የዘረመል ተመራማሪው ጄምስ ኒል በ1962 ያቀረቡት መላምት ነው። በረሃብ ዘመን ስብ የሚያጠራቅም ዘረመል ጠቀመ፤ በጥጋብ ዘመን ግን ለስኳር በሽታ ዳረገ ይላል። በ1970ዎቹ አጋማሽ ፖል ዚመትና ባልደረቦቻቸው በናውሩ እጅግ ከፍተኛ የስኳር በሽታ ስርጭት ሲያገኙ መላምቱ ይበልጥ ታወቀ። ነገር ግን የናውሩን ታሪክ ልብ ይበሉ። ያች 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች ደሴት ከ1907 ጀምሮ ፎስፌት ሲቆፈርባት ኖራ መሬቷ ተግጦ አልቋል። አትክልት የሚተከልበት አፈር ተጭኖ የሄደበት ሕዝብ ከመርከብ ከሚወርድ ቆርቆሮ ውጭ ምን ይበላል? ከዚህም በላይ በ2016 በሳሞአውያን ላይ የተገኘው የዘረመል ልዩነት የሰውነት ክብደትን ከፍ የሚያደርግ ቢሆንም ለስኳር በሽታ የመጋለጥን ዕድል ግን የሚቀንስ ሆኖ ነው የተገኘው። ስለዚህ «ዘራቸው ነው» ብሎ መደምደም ነገሩን አያስረዳም፤ እንዲያውም ማንም ኃላፊነት እንዳይወስድ በር ይከፍታል።

ወደ ምርጫው እንምጣ። የዳቦ ፍሬ በወቅቱ በአንድ ጊዜ ይደርስና በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበላሻል። ቦዬ ተቆፍሮ፣ ተልጦ፣ በጋለ ድንጋይ ላይ የሚበስል ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት እስከ ማታ ውላ የምትገባ እናት ግን ሩዙን በሃያ ደቂቃ ታደርሰዋለች፤ ጆንያውም ወራት ይቆያል። በጎልማሶች እጅ የነበረው የእርሻ ጉልበትም ቀንሷል። ከ1986 ጀምሮ በጸናው ስምምነት መሠረት የማይክሮኔዥያ ዜጎች ያለ ቪዛ በአሜሪካ መኖርና መሥራት ስለሚችሉ ብዙዎች ወደ ጉዋምና ወደ ሃዋይ ሄደዋል። ልጆችስ? በእኛ አገር ኢንዶሚ እያልን የምንጠራውን ኑድል ሳይቀቅሉ፣ የጣፋጭ መጠጥ ዱቄት ነስንሰውበት፣ እንደ ቆሎ ይቆረጥሙታል። ይህን ሁሉ የአንዲት እናት ምርጫ ብሎ መጥራት ለእኔ ከባድ ነው።

ከአሽዶድ

ሰላም ለሁላችሁ። «ቀጥተኛው» በሚል ስም የጻፉት ወንድማችን ያነሡት የዘር ነገር እኔን በቀጥታ ስለሚነካኝ ልመልስ።

እኛ በ1984 በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ከገቡት ቤተሰቦች ነን። የእናቴ ወገኖች ከጎንደር ገጠር ሲመጡ የስኳር በሽታ የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። የእስራኤል ሐኪሞችም ያን ጊዜ ያስተዋሉት ይህንኑ ነው፤ ገና የመጡት ኢትዮጵያውያን ላይ በሽታው እምብዛም አይታይም ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይተው ሲመረምሩ ግን በወጣቶቹ ላይ ሳይቀር መብዛቱን አገኙ። በእነዚያ ዓመታት ደማችን አልተለወጠም፤ የተለወጠው ማዕዳችን ነው። በመጀመሪያ በተቀመጥንበት የመቀበያ ማእከል የሚቀርብልን ነጭ ዳቦ፣ ማርጋሪንና በስኳር የጣፈጠ እርጎ ነበር። እናቴ ጤፍ ስታጣ ከነጭ የስንዴ ዱቄት እንጀራ ለማውጣት ትሞክር እንደነበር አስታውሳለሁ። እንጀራ ይመስል ነበር፤ ውስጡ ግን ሌላ ነበር።

ስለ ፖንፔይ ሳነብ ያዘንሁት፣ እኛ ወደ ምግቡ የሄድን ስንሆን በእነርሱ ላይ ግን ምግቡ ራሱ መጥቶባቸው ባገራቸው ስደተኛ ሆነው መቅረታቸው ነው።

የንግድ ሕግ ተማሪ

ክቡራን፣ እስካሁን ያልተነሣ አንድ ወገን አለ፤ የንግድ ሕግ። እኔ በዚህ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ እየሠራሁ ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ብጽፍ ቅር እንዳይላችሁ።

ከአሜሪካ የሚላከው የተርኪ ዶሮ ጭራና ከኒውዚላንድና ከአውስትራሊያ የሚላከው የበግ የሆድ ዳር ሥጋ አምራቾቹ በአገራቸው እምብዛም የማይበሉት፣ ግማሽ ያህሉ ስብ የሆነ ቅሪት ነው። በፓስፊክ ግን ከዓሣ ይልቅ በርካሽ ይሸጣል። ፊጂ በ2000 የበጉን ሥጋ ሽያጭ አገደች። ሳሞአ ደግሞ በ2007 የተርኪ ጭራ ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለች። ከዚያ ግን ሳሞአ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ስትደራደር ክልከላው መሰናክል ሆነ። ድርጅቱ አንድን ምርት ብቻ ነጥሎ ማገድን እንደ አድልዎ የሚያይ በመሆኑ ሳሞአ በ2012 አባል ስትሆን ክልከላውን ለማንሣት ቃል ገባች፤ በምትኩም ለጊዜው እስከ 300 በመቶ የሚደርስ ቀረጥ እንድትጥል ተፈቀደላት።

እዚህ ላይ የግል አስተያየቴን ልጨምር። የቀረጡን መንገድ አልንቀውም፤ ዋጋ በእርግጥ ሰው የሚገዛውን ይለውጣል። ነገር ግን ሁለት መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት አገር ሐኪሞቿ ጎጂ ነው ያሉትን ጭራ ከወደቧ ለመመለስ ለሌሎች መንግሥታት ማስረዳት ነበረባት። ይህን ሳነብ የሕዝብ ጤና ጠበቃ ጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀመጥበት ወንበር እንደሌለው ተሰማኝ። አገራችንም የዚሁ ድርጅት አባል ለመሆን ለረጅም ዓመታት ስትደራደር የቆየች በመሆኗ ጉዳዩ ለተደራዳሪዎቻችን ሩቅ ሊሆን አይገባም።

የእንሰት ጥላ

እጅግ ጠቃሚ ነገር ጨመሩልን። በዚህ ላይ አንድ ልዩነት ላመልክት። ማይክሮኔዥያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል አይደለችም፤ ስለዚህ የሳሞአ ዓይነት እጅ ጥምዘዛ አልገጠማትም። ችግሩ ግን እንደ ሳሞአ ሁሉ አለባት። ይህ የሚያሳየው ክልከላና ቀረጥ የመጥፎውን ምግብ በር ቢያጠቡም የጥሩውን ምግብ በር ራሳቸው እንደማይከፍቱ ነው። ለዚያ ሌላ ሥራ ያስፈልጋል።

ኤንግልበርገርና የአገሩ ሰዎች በ2004 የፖንፔይ ደሴት ምግብ ማኅበርን አቋቋሙ። መፈክራቸው «ወደ አገራችን ምግብ እንመለስ» እንደማለት ያለ ነበር። በ2005 ካራት የግዛቲቱ ሙዝ ተብሎ በይፋ ታወጀ፤ የሙዞቹ ሥዕል በአገሪቱ የፖስታ ቴምብር ላይ ወጣ። በፊት በገበያ እምብዛም የማይታየው ካራት በየመንገዱ ዳር መሸጥ ጀመረ። ማንድ በተባለች መንደር ለሁለት ዓመታት በተደረገው ክትትል ሰዎች የሚበሉት የሙዝ ዓይነት ሲበዛና ከምግባቸው የሚያገኙት ካሮቲን ሲጨምር ታይቷል። ኤንግልበርገር በ2011 አረፉ፤ ማኅበሩ ግን የእርሳቸው ብቻ ስላልነበረ ሥራውን ቀጠለ።

ይህን ስል ነገሩን ማሳመር አልፈልግም። በፖንፔይ ሥር ያሉት ዝቅተኛ የኮራል ደሴቶች የዋናው ደሴት ዓይነት አፈር የላቸውም። እነርሱ የሚኖሩት ጉድጓድ ቆፍረው በሚያሳድጉት የረግረግ ጎደሬ ነው። በታኅሣሥ 2008 የተነሣው የባሕር ማዕበል ጨው ውኃ በጉድጓዶቹ ውስጥ ሲያስገባ ጎደሬው ተቃጠለ። አዲስ የተተከለ የረግረግ ጎደሬ ለመብሰል ዓመታት ይፈልጋል። በእነዚያ ዓመታት ለቤተሰቡ የቀረው የሩዝ ጆንያ ነው፤ ያን ጊዜ ሩዙን የሚወቅስ ሰው ካለ እኔ ከእርሱ ጋር አይደለሁም።

የሲዳማ ልጅ

መምህር፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ነገር ግን የዳቦ ፍሬ በጥቂት ቀን ይበላሻል ያሉት ነገር አስገረመኝ። እኛ ዘንድ እንሰት ተፍቆ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ቆጮ ይሆናል፤ ለረጅም ጊዜም ይቆያል። እነርሱ እንዲህ ያለ ጥበብ አልነበራቸውም?

የእንሰት ጥላ

ነበራቸው፤ ጥያቄዎም ደስ አሰኝቶኛል። ትርፍ የሆነውን የዳቦ ፍሬ ልጠው፣ በቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው ያቦኩታል። በፖንፔይኛ ማር ይባላል፤ ከኛው ማር ጋር ግን የድምፅ መመሳሰል እንጂ ሌላ ዝምድና የለውም። ሽታው ይከብዳል፤ ልክ ቆጮን የማያውቅ ሰው አፍንጫውን እንደሚይዘው የውጭ ሰዎችም በዚያ ላይ አፍንጫቸውን ይዘዋል። እንሰትና ሙዝ በዕፅዋት ምደባ ከአንድ ቤተሰብ ናቸውና በመካከላችን ያለው ርቀት እንደሚመስለው አይደለም። ሩዝ በመደብር ሲበዛ ግን ጉድጓድ የመቆፈሩ ልማድ እየቀነሰ ሄደ። ከማዕበል በኋላ የሚበላ ነገር ይሆን የነበረውም ያ ነበር።

ነርስ ከወሎ

ስሌቱ አሳምኖኛል፤ አመሰግናለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። እኔ በምሠራበት ወረዳ ላቦራቶሪ የለም። እናት ሁለት ዓይነት ስኳር ድንች ወይም ሁለት ዓይነት ዱባ ይዛ ብትመጣና የትኛውን ለልጄ ላብላው ብትለኝ በምን አውቄ እመልስላታለሁ?

የእንሰት ጥላ

ቆርጠው ውስጡን ይዩ። ልጣጩ አይደለም የሚታየው፤ ሥጋው ነው። ነጭ ከሆነ ቤታ ካሮቲኑ እጅግ ጥቂት ነው፤ ቢጫ ከሆነ ይሻላል፤ ወደ ብርቱካናማ ባደላ ቁጥር ይጨምራል። በደቡብ የአገራችን ክፍል ለሕፃናት ተብሎ የተሰራጨው ስኳር ድንች ብርቱካናማ የሆነውም ለዚህ ነው።

ኤንግልበርገር በፖንፔይ የሙዞቹን ቀለም የለኩት የዶሮ አርቢዎች የእንቁላል አስኳል ቀለም በሚለኩበት፣ እንደ ማራገቢያ በሚዘረጋ የቀለም ካርድ ነበር። ከፈዘዘ ቢጫ ተነሥቶ እስከ ብርቱካናማ ድረስ ቁጥር ቁጥር አለው፤ ፍሬውን ቆርጠው አጠገቡ ያስይዙና የተመሳሰለውን ቁጥር ይጽፋሉ። ካርዱ ከሌለዎት የአበሻ ዶሮና የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ሰብረው በአንድ ሳህን ላይ ያስቀምጡላት። እናትየዋ የአስኳሉን ልዩነት ከእርስዎም ከእኔም በፊት የምታውቀው ነው፤ ዱባውንም በዚያው ዓይን እንድትመርጥ ይንገሯት፤ ስታበስልም ጠብታ ዘይት ወይም ቅቤ እንድትጨምርበት።